ብዕር ለምን ይቆማል? ካልተጨረሰ ልብ ወለድ የተገኘ ትምህርት

የፈጠራ ጽሑፍ ትምህርት በሰጠሁባቸው ዓመታት ሁሉ ተማሪዎቼ ከማንኛውም ጥያቄ ይበልጥ ደጋግመው ያቀረቡልኝ «ጀምሬው ነበር፤ ግን ቆመብኝ፤ ምን ላድርግ?» የሚለውን ነው። ስለ ሴራ አወቃቀር፣ ስለ ገጸ ባሕርይ አሳሳል፣ ስለ መቼትና ስለ ትረካ አንጻር የሚነበብ ነገር አይቸግርም። ዳኛቸው ወርቁ «የጽሑፍ ጥበብ መመሪያ»ን ካሳተመበት ከ1977 ዓ.ም. ወዲህ በአማርኛም ቢሆን የተጻፈው ቀላል አይደለም። ብዕሩ የቆመበት ተማሪ ግን ይህን ሁሉ አንብቦ ሲያበቃም ያው እንደ ቆመ ነው።

ለብዙ ጊዜ የምሰጠው መልስ «ዝም ብለህ ጻፍ» የሚል ነበር። መልሱ ስንፍና የተቀላቀለበት መሆኑን የተረዳሁት እኔው ራሴ 43 ገጽ ጽፌ ሁለት ዓመት ተኩል በቆምኩ ጊዜ ነው። ይህ መጣጥፍ ያን ጊዜ ከደረሰብኝና ከዚያ በኋላ በተማሪዎች ረቂቅ ላይ ካየሁት በመነሣት አንድ ነገር ለማስረዳት ይሞክራል። ይኸውም የልብ ወለድ ጸሐፊ ብዕር የሚቆመው አብዛኛውን ጊዜ ችሎታው ወይም ቃላቱ አልቀው ሳይሆን፣ እዚያው ረቂቁ ውስጥ ቀደም ብሎ ሳያስተውል የወሰነው አንድ ነገር መንገዱን ስለሚዘጋበት ነው።

ስለ ስያሜው

አማርኛ ለዚህ ችግር የራሱ ቃል አለው። «ብዕሩ ነጠፈ» እንላለን። ቃሉ የከብት አርቢ ቃል ነው፤ ወተቷ የቆመ ላም ነጠፈች ትባላለች። ከብት ያረባ ሰው እንደሚያውቀው ደግሞ ላም የምትነጥፈው በአንድ ምክንያት ብቻ አይደለም። መኖ ሲያንሳት ትነጥፋለች፤ ጥጃዋ ሲሞትባት ትነጥፋለች፤ ለመውለድ ስትቃረብም ትነጥፋለች። ከውጭ ሲታዩ ሦስቱም አንድ ናቸው። ባለቤቷ ግን አንድ መድኃኒት አያዝላቸውም። የራበቻትን ይመግባታል፤ ጥጃ የሞተባትን የጥጃውን ቆዳ ጭድ ሞልቶ ያቀርብላትና ያታልላታል፤ ያረገዘችውን ይተዋታል። እኛ ግን «ዝም ብለህ ጻፍ» ስንል ለሦስቱም አንድ ዱላ እያነሣን ነው።

ለችግሩ በእንግሊዝኛ ዛሬ የሚታወቅበትን ስም እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ያስፋፋው ከኦስትሪያ ወደ አሜሪካ የተሻገረው የሥነ ልቦና ሐኪም ኤድመንድ በርግለር ነው። ሐኪሙ የነገሩን መነሻ ከጨቅላነት ዘመንና ከእናት ጡት ወተት ጋር ያያይዘዋል። የእኛን «ነጠፈ» ቢያውቀው ኖሮ እንዴት ደስ ባለው! ዳሩ ግን ሐሳቡ ለሚጽፍ ሰው ብዙም አይረዳም፤ ብዕራቸው የቆመባቸውን ሁሉ ወደ አንድ ጡት ይመልሳቸዋልና።

ከዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ተለይተው ሊታዩ ይገባል። አንደኛው ዝም የተባለ ደራሲ ብዕሩ ነጥፏል ሊባል አለመቻሉ ነው። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው በ1976 ዓ.ም. ደብዛው ጠፋ። ከዚያ በኋላ ከእሱ አዲስ ልብ ወለድ አለማንበባችንን በነጠፈ ብዕር የሚያስረዳ የለም። ሁለተኛው ሕመም ነው። እንቅልፍ ያጣ፣ ከሰው የሸሸ፣ መብላት የተወ ተማሪ «ብዕሬ ቆመ» ብሎ ሲመጣ የሚያስፈልገው ሐኪም እንጂ የድርሰት መምህር አይደለም። ይህን የምለው በአንድ ወቅት ሳላውቅ ለእንዲህ ያለ ልጅ የቤት ሥራ ሰጥቼው ስለ ነበር ነው።

ሌላም መታረም ያለበት አስተሳሰብ አለ። ብዕር ቆመ ማለት ሁልጊዜ ወረቀቱ ባዶ ነው ማለት አይደለም። አሜሪካዊው ራልፍ ኤሊሰን «የማይታየው ሰው» የተሰኘውን የመጀመሪያ ልብ ወለዱን እ.ኤ.አ. በ1952 ካሳተመ በኋላ ሁለተኛውን ሳይጨርስ በ1994 ዐረፈ። በ1967 የረቂቁ ክፍል በቤቱ ላይ በደረሰ ቃጠሎ ጠፍቶበታል፤ ነገሩ በዚያ ብቻ ግን የሚገለጽ አይደለም። ከቃጠሎው በኋላም በሺህ የሚቆጠር ገጽ ጽፏል። ከሞቱ በኋላ ከተተወው ክምር የተመረጠው ክፍል በ1999፣ ሰፋ ያለው ደግሞ ከአንድ ሺህ ገጽ በላይ ሆኖ በ2010 ታተመ። ይህ ሰው በየቀኑ ይጽፍ ነበር። «ዝም ብለህ ጻፍ» ለእሱ ምን ይጠቅመው ነበር? የቆመው እጁ ሳይሆን መጽሐፉ ነበርና።

የ43ኛው ገጽ

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። በ1996 ዓ.ም. የጀመርኩት ኖቬላ በአንድ የባሕር ዛፍ ቦታ ምክንያት ከወንድማቸው ልጅ ጋር 11 ዓመት ስለ ተሟገቱ አንድ ባላምባራስ ነበር። ዘመኑ ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በፊት ነው። ታሪኩን የት እንደማደርሰው አውቅ ነበር። ሽማግሌው በመጨረሻው ቀጠሮ ወንጌል ይዘው በሐሰት ይምላሉ፤ ቦታውን ይረታሉ፤ ከዚያ በኋላ ያን ባሕር ዛፍ አንድም ቀን አይቆርጡም። ሴራው በደብተሬ ላይ ተነድፏል። ገጸ ባሕርያቱ ተለይተዋል። 43ኛው ገጽ ላይ ባላምባራሱ ዳኛው ፊት ቀረቡ፤ እዚያው ቆሙ፤ እኔም ቆምኩ።

ያልሞከርኩት ነገር አልነበረም። ሌሊት መነሣት ሞከርኩ። ቢሾፍቱ ወርጄ ሐይቅ ዳር ተቀመጥኩ፤ የተጠቀምኩት ዓሣ መብላት ብቻ ነው። ጫት ይረዳል ያሉኝን ሰምቼ ለሦስት ቅዳሜ ያህል ቃምኩ፤ በምርቃናው ሰዓት የሚደንቅ የመሰለኝ ገጽ በማግስቱ ሳነበው አፈርኩበት። በስተመጨረሻ ረቂቁን ለአንድ የሥራ ባልደረባዬና የቆየ ወዳጄ ሰጠሁት። በሳምንቱ መልሶ ሲሰጠኝ ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «እኒህን ሰውዬ በጣም ትፈራቸዋለህ።»

በመጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ረቂቁን እንደገና ሳነበው ግን እንዲህ ያሉ ዐረፍተ ነገሮች በየገጹ ተሰልፈው አገኘኋቸው፦

«ባላምባራሱ ከዳኛው ፊት ቀረቡ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ግርማቸው ያን ጠባብ ክፍል ሞላው።»

ተራኪዬ በሦስተኛ መደብ የሚናገር፣ ሁሉን አወቅ ነበር። የባላምባራሱን ቤት፣ የባላጋራቸውን ሐሳብ፣ የዳኛውን የጥርስ ሕመም ሳይቀር ያውቃል። ወደ ባላምባራሱ ልብ ሲደርስ ግን በ«አሉ»ና በ«ቀረቡ» በር ላይ ባርኔጣውን አውልቆ ይቆማል። አይገባም። እንግዲህ ሁሉን አወቅ ነኝ ያለ ሰው አንድ ሰው ፊት ብቻ እንደ አሽከር ከቆመ ያ ሰው ሲዋሽ ሊያሳየን አይችልም። እጄን የያዘው ይህ ነበር።

በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው ይህ ጭንቀት የለበትም። ንጉሡም አሽከሩም በአንድ ተውላጠ ስም ይጠራሉ። የአማርኛ ደራሲ ግን አንድ ሽማግሌ ገጸ ባሕርይ ገና በር ከፍቶ ሲገባ «ገባ» ወይስ «ገቡ» የሚለውን መወሰን ግድ ይለዋል፤ ያን ሲወስን ደግሞ ሳያውቀው ተራኪው ማን እንደ ሆነ፣ ዕድሜው ስንት እንደ ሆነ፣ ከሰውየው ጋር ምን ዝምድና እንዳለው ወስኗል። ይህ ከመጀመሪያው ገጽ የሚጀምር ውሳኔ ነው። የውጭ መመሪያ መጻሕፍት ስለዚህ ጉዳይ ሊነግሩን አይችሉም፤ የእኛም የሒስ ጽሑፎች ስለ ትረካ አንጻር ሲያወሱ አንደኛና ሦስተኛ መደብን ለይተው ያልፋሉ እንጂ የአክብሮት መደብ በአንጻር ላይ የሚያሳድረውን ጫና በሚገባው መጠን ያዩት አይመስለኝም። የመመረቂያ ርእስ የቸገረው ተማሪ ካለ እነሆ።

ስሕተቴን ያገኘሁ መስሎኝ ወዲያው «አሉ»ን ሁሉ ወደ «አለ» ለወጥኩት። «ሽማግሌው ከዳኛው ፊት ቀረበ። ጋቢውን አስተካከለ። እጁን በወንጌሉ ላይ አኖረ።» እውነቱን ለመናገር ይህን ስጽፍ እጄ ቀዝቅዞ ነበር። ሁለት ገጽ ሄደልኝ፤ ከዚያ እንደገና ቆመ። በዚህኛው መንገድ ሽማግሌው ማንም ሽማግሌ ሆነ። የሚዋሽ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ቢዋሽ የሚያስደነግጥ ሰው አልነበረም። ክብሩን ከትረካው ላይ ስገፍ የውድቀቱን ከፍታ አብሬ ገፈፍኩት።

ከዚህ ላይ ሐዲስ ዓለማየሁን ማንሣት ያስፈልጋል። «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) ውስጥ ተራኪው ፊታውራሪ መሸሻን በሙሉ አክብሮት እየጠራ ነው ራቁታቸውን የሚያስቀራቸው። አክብሮቱና ድርጊቱ ጎን ለጎን ሲሄዱ፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት ራሱ ሥላቅ ይሆናል። ስለዚህ ጥፋቱ የሰዋስዋችን አይደለም። ሐዲስ አክብሮቱን እንደ መለኪያ ዘንግ ይዞታል፤ እኔ ግን መደበቂያ አድርጌው ኖሯል።

ምን ደበቅኩበት? ባላምባራሱ ከአባቴ የተቀዱ ነበሩ። አባቴም በመሬት ተሟግተዋል፤ መዝገባቸውን በጨርቅ ጠቅልዬ ከኋላ ከኋላቸው እየተከተልኩ ፍርድ ቤት የሄድኩት እኔ ነኝ። የሐሰት መሐላውን ግን ፈጥሬው ነበር፤ ወይም የፈጠርኩት ይመስለኝ ነበር። ለታሪኩ ተስማሚ ሆኖ ስላገኘሁት ብቻ የጨመርኩት ነው እያልኩ ለሰውም ለራሴም ስናገር ቆይቻለሁ።

በሦስተኛው ሙከራ ታሪኩን መዝገብ ተሸካሚው ልጅ እንዲነግረው አደረግሁ። እንዲህ ሆነ፦

«አባባ እጃቸውን በወንጌሉ ላይ አኖሩ። መዝገቡን እንደ ታቀፍኩ ከኋላቸው ቆሜ ነበር። በጥፍራቸው ውስጥ አፈር ነበረበት።»

የአክብሮቱ መደብ እንዳለ ነው፤ አንዱም «አሉ» አልተነካም። አሁን ግን የሚያከብራቸው ሰው ታሪኩ ውስጥ ቆሟል፤ ቁመቱ እስከ ክርናቸው ነው፤ ስለሚያከብራቸውም ጥፍራቸውን ያያል። ልጁ ሌሊት የድንበር ድንጋይ መንቀሉን አልነገረንም፤ አያውቅም። አንባቢ ግን ያውቃል። ከ43ኛው ገጽ ቀጥሎ የነበረውን በአምስት ወር ጨረስኩት። አርባ ሦስቱን ግን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ መጻፍ ነበረብኝ።

ረቂቁ ሲያልቅ ለታላቅ እኅቴ አነበብኩላት። ተቆጥታ ትነሣለች ብዬ ሰግቼ ነበር። የጥፍሩ አፈር ላይ ስደርስ አስቆመችኝና «ያን ሌሊት እግራቸውን ያጠብኩት እኮ እኔ ነኝ» አለችኝ። «ጭቃው እስከ ጉልበታቸው ነበር። በማግስቱ ቀጠሮ ነበራቸው።» ሌላ አልጨመረችም፤ እኔም አልጠየቅኳት። ሁለት ዓመት ተኩል ያቆመኝ ነገር ምን እንደ ነበር ያን ቀን ገባኝ። የማውቀውን አላውቅም ብዬ ስጽፍ ነበር።

አቤቱታ የሌለው ሰው

ሁሉም መቆም እንዲህ ጥልቅ ነው ማለቴ አይደለም። በተማሪዎች ረቂቅ ላይ የማየው አብዛኛው መቆም ከዚህ በጣም የቀለለ ነው፤ ገጸ ባሕርዩ የሚፈልገው ነገር የለውም።

ፍርድ ቤት በር ላይ ላስቲክ ወጥረው ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎችን ከልጅነቴ ጀምሮ አያቸዋለሁ። አንድም ቀን ብዕራቸው ሲነጥፍ አላጋጠመኝም። እርግጥ ነው የተለመደ አጻጻፍ አላቸው፤ ግን ምክንያቱ እሱ ብቻ አይደለም። ባለጉዳዩ ተቀምጦ የዕድሜ ልኩን ብሶት ሲዘረግፍ ጸሐፊው አቋርጦ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ማንን ነው የሚከሱት? ምን እንዲደረግልዎ ነው የሚፈልጉት? እነዚህ ሁለቱ ከተመለሱ ማመልከቻው ይጻፋል።

አንድ ተማሪዬ ከዐረብ አገር ስለ ተመለሰች ሴት አጭር ልብ ወለድ ይጽፍ ነበር። ለ12 ገጽ ሴትዮዋ መስኮት አጠገብ ተቀምጣለች። ታስታውሳለች፤ ትተክዛለች፤ ዝናብ ይዘንባል፤ እንደገና ታስታውሳለች። ልጁ ቋንቋ ያውቃል፤ ገለጻው ያምራል። በ12ኛው ገጽ መጨረሻ ግን እሱም መስኮቱ አጠገብ ቀረ። ልብ ወለዱን ተወውና አቤቱታ ጻፍላት አልኩት፤ አመልካች፣ ተጠሪ፣ ጉዳዩ፣ የሚጠየቀው ዳኝነት፣ ሁሉም ሳይቀር። በሦስተኛው ቀን አንድ ገጽ ይዞ መጣ። አመልካች እሷ፤ ተጠሪ ወንድሟ፤ የሚጠየቀው ስድስት ዓመት ሙሉ የላከችው ገንዘብ የት እንደ ደረሰ። ከታች ግን በራሱ እጅ «አመልካች ይህን ማመልከቻ አታቀርብም» ብሎ ጨምሮበታል። ታሪኩን ያገኘው እዚህች መስመር ላይ ነው። የምትፈልገው አላት፤ ልትጠይቅ አትችልም፤ ወንድሟም በዚያው ቤት ቁርስ ያቀርብላታል። መስኮቱን ትቶ ወደ ማእድ ቤቱ ገባና ጨረሰው።

ይህን ልምምድ ከዚያ ወዲህ ለብዙዎች ሰጥቻለሁ። ለአንዳንዶቹ አልሠራም፤ በተለይ ሴራቸው ሞልቶ ለተትረፈረፈባቸው። እነሱን የሚያቆማቸው ሌላ ነው።

የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገርና ፀሐይዋ

በተማሪዎቼ ታሪኮች መግቢያ ላይ ፀሐይ ስንት ጊዜ እንደ ወጣች መቁጠር ካቆምኩ ቆይቻለሁ። ከምሥራቅ ትወጣለች፤ ጮራዋን ትፈነጥቃለች፤ አዕዋፍ ይዘምራሉ፤ ገጸ ባሕርዩ ያዛጋል። ከዚያ ብዕሩ ይቆማል። ለምን አይቆም? ይህ መግቢያ የማንም ስላልሆነ የሚቀጥለውን ዐረፍተ ነገር የሚጎትት ክር የለውም።

እነዚሁ ልጆች ግን ሻይ ቤት ተቀምጠው ያንኑ ታሪክ ሲያወሩት ሌላ ሰው ናቸው። የወሎው ልጅ በወሎኛ፣ የጎጃሙ በጎጃምኛ፣ የመርካቶው በመርካቶኛ ሲተርከው ያስቃል፤ ያስደነግጣል፤ የት ላይ ዝም ማለት እንዳለበት እንኳ ያውቃል። ወረቀት ሲቀርብለት ያ ሁሉ ይጠፋና የጋዜጣ አማርኛ ይተካል። ትምህርት ቤት «ድርሰት» ስንባል ያደግነው ያማረ ቃል መደርደርን ስለ ነበር፣ የምናወራበት ቋንቋ ለልብ ወለድ የማይበቃ መስሎ ይታየናል። በእንዲህ ያለ ጊዜ የማዘው ወረቀቱን አስቀምጦ ታሪኩን ለአንድ ጓደኛ ማውራት፣ ከተቻለም ድምፁን መቅዳት ነው። የተቀዳው እንዳለ ይታተም ማለት አይደለም፤ ቅጂው ላይ ግን የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ይገኛል። ፀሐይ ያለችበት አንድም አላጋጠመኝም።

ለማን ነው የምጽፈው የሚለውም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ቅድመ ሕትመት ሳንሱር በፕሬስ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 34/1985 ከሕግ ላይ ተሰርዟል፤ ከእጅ ላይ ግን በአዋጅ አይወጣም። በእኔ ዘመን የነበርን ሰዎች ገና ስንጽፍ ትከሻችን ላይ አንድ አንባቢ ይቀመጥብን ነበር። በወጣቶቹ ትከሻ ላይ የተቀመጠው ሌላ ነው፤ ዘመድ፣ ሰፈር፣ የብሔር ጠበቃ፣ ሐያሲ፣ አንዳንዴም እኔ። እንዲህ ያለውን አንባቢ በጉልበት ማባረር አይቻልም፤ በሌላ መተካት ግን ይቻላል። ጆን ስታይንቤክ እ.ኤ.አ. በ1951 «ከኤደን በስተምሥራቅ»ን ሲጽፍ በደብተሩ ግራ ገጽ ለአርታኢው ለፓስካል ኮቪቺ በየዕለቱ ደብዳቤ እየጻፈ፣ ልብ ወለዱን በቀኙ ገጽ ያስከትል ነበር። ብልሃቱ ቀላል ነው፤ ሺህ አንባቢ የሚያስፈራውን ያህል አንድ የሚያውቁት ሰው አያስፈራም። የእኛ ደብዳቤ ደግሞ «ለጤናህ እንደምን አለህ» ብሎ ሲጀምር ማንም ፀሐይ አያወጣም።

ቆጠራ

የዕለት ተዕለት ልማድን አቃልያለሁ እንዳይባል ስለ ቅኔ ቤት ጥቂት ልበል። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ ወይም በዋድላ መንገድ የሚማር የቅኔ ተማሪ ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ እየበረታ ሲሄድ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ይደርሳል። በየዕለቱ ከሰው ተነጥሎ፣ ዛፍ ሥር ወይም ሜዳ ወጥቶ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ተመልሶ ለመምህሩ ይነግራል፤ ይታረማል። ዛሬ መንፈሱ ተነቃቅቶ እንደ ሆነና እንዳልሆነ የሚጠይቀው የለም። ከዚህ ሥርዓት ልብ ወለድ ጸሐፊ ሊወስድ የሚችለው ሁለት ነገር ይመስለኛል። አንደኛው መጠኑ ነው፤ መወድስ ያቃተው ቀን ጉባኤ ቃና አለ። ምዕራፍ ያቃተው ቀን አንድ ምልልስ፣ አንድ ቤት ውስጥ ያለ ዕቃ፣ የአንድ ሰው አረማመድ መጻፍ ይቻላል። ሁለተኛው ያን ቀን የተሠራው ያን ቀን የሚሰማው ሰው ማግኘቱ ነው። የእኛ ተማሪዎች አንድ ዓመት ሙሉ ጽፈው ለማንም ሳያሰሙ የሚቆሙበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሄሚንግዌይ ከዚህ የሚቀራረብ ልማድ ነበረው፤ ቀጥሎ የሚሆነውን እያወቀ ሳለ የዕለቱን ሥራ ያቆማል። ሞክሬዋለሁ፤ ትሠራለች። ነገር ግን ልማድ የሚያድነው መኖ ያነሳትን ላም ነው። ተራኪው የተሳሳተ ልብ ወለድ በየቀኑ ቢጻፍ በየቀኑ የተሳሳተ ገጽ ይወልዳል።

በዚህ ምክንያት አሁን የማዘው ከሁሉ አስቀድሞ ወደ ኋላ ማንበብን ነው። ብዕሩ የቆመበትን ገጽ አይደለም፤ እሱ ንጹሕ ነው። ከዚያ ገጽ ወደ ኋላ እየሄዱ መጨረሻ ጊዜ በደስታ የተጻፈውን ገጽ መፈለግ ነው። ስሕተቱ ብዙውን ጊዜ ከዚያ በሚቀጥሉት ሦስት አራት ገጾች ውስጥ ይገኛል፤ ሰው ያለ ምክንያት ከከተማ ወጥቷል፤ ሁለት ገጸ ባሕርያት ሳይጣሉ ታርቀዋል፤ ደራሲው የማያውቀውን የሙያ ቦታ ሳያይ ገብቶበታል። አልፎ አልፎ ግን እንደ እኔው ከመጀመሪያው መስመር ላይ ይሆናል።

አንዳንዱን ረቂቅ መተውም አለ። ቶልስቶይ «ጦርነትና ሰላም»ን ከጨረሰ በኋላ ስለ ታላቁ ጴጥሮስ ዘመን ልብ ወለድ ሊጽፍ ለዓመታት ሲያነብና ደጋግሞ ሲጀምር ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1873 ያን ትቶ «አና ካሬኒና»ን ጀመረ። የጴጥሮስን ዘመን ሰዎች ከውስጣቸው ሊያያቸው አልቻለም ነበር፤ አናን ግን አያት። የመጀመሪያውን በግድ ቢጨርሰው ኖሮ ምን እናገኝ እንደ ነበር እንጃ። የቱን መታገል፣ የቱን መተው እንደሚገባ የሚለይ መመዘኛ ተማሪዎቼ ሲጠይቁኝ የምሰጣቸው አንድ ብቻ ነው፦ ታሪኩን የተውከው ቀን ቀለል አለህ ወይስ አፈርክ? ያፈረ ይመለስበት። ቀለል ያለው ሌላ ይጀምር።

በመሳቢያዬ ውስጥ 17ኛው ገጽ ላይ የቆመ ሌላ ረቂቅ አለኝ። እግር ስለ ማጠብ ነው። ተራኪው ወንድ ልጅ ነው፤ ከበር ላይ ሆኖ ያያል። ባለፈው ሳምንት አውጥቼ ወደ ኋላ ሳነበው፣ እሷን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ «አንቺ» እያለ እንደሚጠራት፣ እሷ ግን አንድም ጊዜ እንዳልመለሰችለት አስተዋልኩ። እኅቴ ዘንድ ደውዬ በሚቀጥለው እሑድ እንደምመጣ ነግሬያታለሁ።